በመትከያ ዕቃ ውስጥ ያለ ብሉቤሪ ከተገረዘ በኋላ ለምን ፍሬ አልሰጠም?

በመትከያ ዕቃ ውስጥ ያለው ብሉቤሪዎ ጫፍ ጫፉ ከተቆረጠ በኋላ ቅጠል ብቻ አብቅሎ ፍሬ ያልሰጠበትን ምክንያት ጠይቀዋል። ችግሩ ከአቆራረጡ የመነጨ ይመስለኛል፤ ብሉቤሪ የሚያብበው ባለፈው የዕድገት ወቅት በበቀሉ ቅርንጫፎች ጫፍ አካባቢ ከተቋጠሩ እምቡጦች ስለሆነ፣ ተክሉ ቅጠሉን አራግፎ ባረፈበት ጊዜ ጫፎቹን በሙሉ መቁረጥ የሚመጣውን ምርት አብሮ መቁረጥ ነው። እምቡጦቹን መለየት አያስቸግርም፤ የአበባው ድቡልቡልና ወፍራም ሲሆን የቅጠሉ ቀጭንና ሹል ነው። ስለዚህ በዕረፍቱ ወቅት አስቀድመው የደረቁትን፣ የታመሙትንና እርስ በርስ የሚፋተጉትን ቅርንጫፎች ያስወግዱ፤ ከዚያም በምትካቸው ጠንካራ ቀንበጥ እንዲወጣ፣ ከ6 ዓመት በላይ ከሆናቸው ግንዶች አንዱን ወይም ሁለቱን ብቻ ከሥር ይቁረጡ። ተክሉ ገና ከ3 ዓመት በታች ከሆነ ግን ከዚህ ያለፈ ባይቆርጡት እመርጣለሁ።

አፈሩንም ቢመረምሩ መልካም ነው። ብሉቤሪ የሚስማማው ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያ ቁጥር) ከ4.5 እስከ 5.5 የሆነ አሲዳማ አፈር ነው፤ አዳዲሶቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ጅማቶቻቸው ብቻ አረንጓዴ ከቀሩ፣ ብዙውን ጊዜ አፈሩ አሲድነቱን በማጣቱ ተክሉ ብረት መውሰድ ተስኖታል ማለት ነው። ኖራ የበዛበት የቧንቧ ውሃ ይህን ቀስ በቀስ ስለሚያስከትል፣ የዝናብ ውሃ አጠራቅመው ቢያጠጡት ይሻላል።