ስለ ፈረስ ጋጣ ጉዝጓዝ፦ ጋሽ ባልደራስን ጠይቁ

ባልደራስ፦ ዛሬ የምመልሰው ስለ ጉዝጓዝ ብቻ ነው። ዋጋ አትጠይቁኝ፤ የሰንዳፋ ዋጋ ለሐዋሳ አይሆንም። ስትጠይቁ የጋጣችሁ ወለል ምን እንደሆነ ጻፉልኝ።

ባለጋሪው (ሐዋሳ)፦ ጋሼ፣ የጤፍ ጭድ ተወደደብኝ። በምን ልለውጠው? ወለሌ ድንጋይ ነው።

ባልደራስ፦ የጤፍ ጭድ እኮ መኖ ነው። ከብት አድላቢው ይሻማበታል፣ የጭቃ ቤት የሚመርገው ይሻማበታል። አንተ ሽንት ታጠጣዋለህ! የስንዴ ጭድ ፈልግ። የገብስም ይሆናል፣ ግን የዛላው ጢም አፍና ዓይን ይወጋል። የሻገተ ከሆነ በነፃም ቢሰጡህ አትቀበል።

ሜሮን፦ ሰጋቱራስ? ሰፈራችን የእንጨት ሥራ ቤት አለ፣ በነፃ ይሰጡናል።

ባልደራስ፦ ምን እንደሚሰነጥቁ መጀመሪያ እይ። ኤምዲኤፍና ቺፕውድ ከሆነ ሙጫ አለበት፤ አይሆንም። ቫርኒሽ የተቀባም አይሆንም። ንጹሕ ጣውላ ከሆነ ዱቄቱን ትተሽ መላጊያው የሚጥለውን ጥቅልል ቅራፊ ውሰጂ። ዱቄቱ ሳንባ ውስጥ ይገባል።

የፎገራ ልጅ፦ ወረታ የሩዝ ገለባ ሞልቷል። ይሆናል?

ባልደራስ፦ ይሆናል፣ ግን ሽንት አይመጥም፤ ወደ ታች ያሳልፋል እንጂ። ስለዚህ ወለልህ ተዳፋት ካልሆነ ገለባው ከላይ ደርቆ ከሥር ይበሰብሳል። ነፋስ ላይ አበጥረው። ድርቆሹንም መሬት ላይ አትጣልለት፣ አብሮ ይበላዋል።

ወለል ካልኩ አይቀር ልጨርሰው። 450 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በቀን ከ5 እስከ 10 ሊትር ይሸናል። የኛው ግማሹን ቢመዝን እንኳ በሳምንት ስንት ጄሪካን እንደሚሆን አስሉት። ይህን ሁሉ በጭድ አስመጥጣለሁ የሚል ሰው ኪሱ ይራቆታል። ጭቃውን ቆፍራችሁ አውጡ፣ ገረጋንቲ ሙሉ፣ ጠቅጥቁ። ከግርግም ወደ በር በየአንዳንዱ ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይበል። በበሩ በኩል ቦይ ይኑር። ከዚያ 10 ሴንቲ ሜትር ጉዝጓዝ ይበቃል። ጠዋት ጠዋት ፋንድያውንና የረጠበውን ብቻ አንሱ፣ ደረቁን ወደ መሃል ሳቡት። ሁሉን ጠራርጎ የሚጥል ሰው ብር ነው የሚጥለው።

የእንጅባራ ፈረሰኛ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ አያቴ አንድም ቀን አንጥፈው አያውቁም። ፈረሳቸው ግን ጥር 23፣ በአገው ፈረሰኞች በዓል ላይ ቀዳሚ ነበር። ፈረስ ቆሞ ነው የሚተኛው።

ባለጋሪው፦ እውነቱን ነው፣ የኔም ቆሞ ያድራል።

ሰላሌ፦ የአገው ፈረስ እንኳ ጉዝጓዝ ልጓምም አያውቅም ብዬ ነበር 😂

የእንጅባራ ፈረሰኛ፦ የሰላሌ ፈረስ ከአገው ፈረስ ጋር ተሰልፎ ያውቃል?

ባልደራስ፦ የፈረስ ውድድሩን ሌላ ቀን። ፈረስ ቆሞ ያንቀላፋል፣ እግሩን ቆልፎ። ጥልቅ እንቅልፍ የሚወስደው ግን ሲጋደም ነው። እርጥብ ላይ አይጋደምም። የባለጋሪው ፈረስ ቆሞ ማደሩ የሚያስመሰግን ሳይሆን የሚያሳስብ ነው። አያትህ ደግሞ ፈረሳቸው ደረቅ መስክ ላይ ያድር ነበር፤ መስኩ ራሱ አነጠፈለት።

ሀና፦ ሽታው አስቸግሮኛል። አመድ ወይም ኖራ ልነስንስ?

ባልደራስ፦ ይህን ሁሉም ያደርገዋል፣ ሁሉም ይሳሳታል። የሚሸተው አሞኒያ ነው። አመድና ኖራ አሞኒያውን ከእርጥቡ ገፍተው ወደ አየር ያወጡታል። ኖራ ደግሞ ቆዳና ሰኮና ያቃጥላል። አንቺ ቆመሽ ስታሸችው ቀላል ነው፤ ፈረሱ ግን አፍንጫው ወለሉ ላይ ነው። ተንበርክከሽ አሽትቺው። ዓይንሽን ካቃጠለው መድኃኒቱ አካፋ ነው።

ዳዊት፦ የቡና ገለባስ? ጅማ በሽ ነው።

ባልደራስ፦ ካፌይን አለበት። ፈረስ ጉዝጓዙን ይቀምሳል። አይሆንም።

የሐይቅ ዳር፦ አሸዋ?

ባልደራስ፦ ከላዩ ላይ መኖ ከለቀመ አሸዋው ሆዱ ውስጥ ተጠራቅሞ ቁርጠት ያመጣበታል። ተወው።

ትዕግሥት፦ ፈረሴ ያስላል፣ ምን ልስጠው?

ባልደራስ፦ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ። እስክትሄጂ የሻገተና የሚቦን ነገር አውጪ።

ኪያ፦ ሰላም፣ የእንጨት ቤት ሰጋቱራ ይሆናል?

ባልደራስ፦ ከላይ አንብብ። ቺፕውድ፣ አይሆንም። ኤምዲኤፍ፣ አይሆንም።

ኪያ፦ እሺ፣ ታዲያ ርካሽና ምርጡ ምንድነው?

ባልደራስ፦ ወለልህ ምንድነው?

ኪያ፦ ከወለሉ ጋር ምን አገናኘው? ጉዝጓዝ ነው የጠየቅኩት።

ባልደራስ፦ ወለልህ ምንድነው?

ኪያ፦ ጭቃ።

ባልደራስ፦ እንግዲያው ገረጋንቲ ግዛ። ጭዱን በሚቀጥለው ሳምንት ጠይቀኝ።