የሕግ ምክር፦ ለክፍል ሁለት የትኛውን አስፈሪ ጌም እንምረጥ?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አንድ አስፈሪ ፊልም ሠርተን ዩቱዩብ ላይ ለቀቅን። ስክሪፕቱን የጻፈልን ሌላ ጓደኛችን ነው፤ እሱ አሁን አትላንታ ገብቷል። ፊልሙ ተወደደ። ተመልካቹ «ክፍል ሁለት የታለ?» እያለን ነው። እኛም ያቺኑ ዋና ገጸ ባሕርያችንን ይዘን የአንድ ጌም ታሪክ ውስጥ ልናስገባት አሰብን። ግን አልተስማማንም። እኔ ሳይለንት ሂል 2 እላለሁ። አንዱ ጓደኛዬ «አምኒዢያ ይሻላል፤ ኮዱ ለሕዝብ ተለቋል» ይላል። ሌላው «ኤስሲፒ ነፃ ነው፤ ማንም አይጠይቀንም» ባይ ነው። ደግሞ ገንዘብ ካላገኘንበት፣ ወይም 30 በመቶውን ከቀየርነው ችግር የለውም ይባላል። የትኛውን ብንመርጥ ይሻላል?

መልስ

ወንድሜ፣ «አንተ» እያልኩ ብጽፍልህ አትቀየመኝ። ቤቴ ውስጥ መብራት አጥፍተው እነዚህኑ ጌሞች የሚጫወቱ ልጆች ስላሉኝ ክርክራችሁ በደንብ ይገባኛል። እናንተ የምትከራከሩት የትኛው ይበልጥ ያስፈራል እያላችሁ ነው። እኔ ጋ ሲደርስ ጥያቄው ይቀየራል፦ የትኛው ባለቤት ይፈርምላችኋል?

ከደብዳቤህ ውስጥ እኔን ያስደነገጠችኝ ግን ሌላ ዓረፍተ ነገር ናት። «ስክሪፕቱን የጻፈልን ሌላ ጓደኛችን ነው» የምትለዋ። ቆይቼ እመለስባታለሁ።

መጀመሪያ የ30 በመቶውን ወሬ እንዝጋው። በአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ ውስጥ እንዲህ የሚል ነገር የለም። 30ም የለም፣ 50ም የለም። ሕጉ የሚለው፣ ከአንድ ሥራ ተነሥቶ ሌላ ሥራ የማዘጋጀት መብት የባለቤቱ ነው። ጌምን ፊልም ማድረግ ደግሞ እዚሁ ውስጥ ይወድቃል። ዳኛ ፊት ስትቀርብ የሚመዘነው የወሰድከው ነው፤ የጨመርከው አያድንህም።

«ገንዘብ ካላገኘንበት» የሚለውም ሩቅ አያስኬድም። አለማትረፍ፣ ፍትሐዊ አጠቃቀም የሚባለው፣ የሰውን ሥራ ያለ ፈቃድ መጠቀምን አንዳንዴ የሚፈቅደው መከላከያ ሲመዘን ከሚታዩት ነጥቦች አንዱ ብቻ ነው። አክሳናር የተባለውን የስታር ትሬክ አድናቂዎች ፊልም ተመልከት። ሰዎቹ ከአድናቂዎች ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ አሰባስበው ሥራ ሲጀምሩ ፓራማውንትና ሲቢኤስ በ2015 መጨረሻ ከሰሷቸው። ጃንዋሪ 2017 ላይ ዳኛው የፍትሐዊ አጠቃቀም መከላከያቸውን አልተቀበለውም። ጉዳዩ በስምምነት አለቀ። ሙሉ ፊልም ሊሆን የነበረው ነገር፣ እያንዳንዳቸው ከ15 ደቂቃ በማይበልጡ ሁለት ክፍሎች ተወስኖ ቀረ።

ሒሳቡንም እወቀው። ሥራው በጊዜው የተመዘገበ ባለቤት፣ ይህን ያህል ከሰርኩ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ ለአንድ ሥራ ከ750 እስከ 30,000 ዶላር ሊፈረድለት ይችላል። እያወቅህ ያደረግኸው ከሆነ እስከ 150,000 ይወጣል። አንተ ደግሞ ለጠበቃ ጽፈህ ጠይቀሃል። ከእንግዲህ «አላወቅሁም ነበር» አይሠራልህም።

ይሄን ስልህ ግን ሁሉም በር ተዘጋ ማለቴ አይደለም። ሕጉ ሐሳብን አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው ሐሳቡ የተገለጸበትን መንገድ ነው። በ2008 ካሊፎርኒያ ውስጥ የታየ አንድ ጉዳይ አለ። የ1978ቱን የዶውን ኦፍ ዘ ዴድ ፊልም መብት የያዘው ድርጅት፣ ካፕኮም በ2006 ያወጣው ዴድ ራይዚንግ የተባለው ጌም ፊልሜን ወስዷል አለ። ሁለቱም ላይ ሰዎች ሞል ውስጥ ሆነው ከዞምቢ ጋር ይታገላሉ። ፍርድ ቤቱ፣ ሞል ውስጥ ከዞምቢ ጋር መታገል ሐሳብ ነው፣ ሐሳብ ደግሞ ባለቤት የለውም ብሎ ለካፕኮም ወሰነ።

ስለዚህ ጭጋግ የዋጠው ባዶ ከተማ ብትሠራ ማንም አያሸንፍህም። በክረምት ጣርማ በርን ያቋረጠ ሰው ጭጋግን ከሳይለንት ሂል ባለቤት ከኮናሚ አልተማረም። ወደዚያ ከተማ የሚሄደው ሰው የሞተች ሚስቱ ደብዳቤ የጻፈችለት ባል ከሆነ፣ ጭንቅላቱን በፒራሚድ ብረት የሸፈነ ገዳይም ከተከተለው፣ ያኔ የወሰድከው ሐሳብ ሳይሆን ሳይለንት ሂል 2ን ራሱን ነው።

እንግዲህ ወደ ምርጫችሁ። ሳይለንት ሂል የኮናሚ ነው። ፈረንሳዊው ክሪስቶፍ ጋንስ የመጀመሪያውን ፊልም በ2006 ከማውጣቱ በፊት መብቱን ለማግኘት 5 ዓመት ያህል ደጅ ጠንቷል። ያውም ስም ያለው ዳይሬክተር ሆኖ። ለሦስት ጓደኛሞች የዩቱዩብ ፊልም ኮናሚ ይፈርማል ብዬ ተስፋ ልሰጥህ አልችልም። በነገራችን ላይ፣ የዚያው ፊልም ክፍል ሁለት በ2012 ሲወጣ ሠሪዎቹ ሁለተኛውን ጌም ዘልለው ሦስተኛውን ነው የመረጡት። ሦስተኛው ጌም የመጀመሪያውን ታሪክ ይቀጥላል፤ ሁለተኛው ራሱን የቻለ የሌላ ሰው ኀዘን ነው። ያንተ ገጸ ባሕርይ እዚያ ኀዘን ውስጥ ምን ልትሠራ ትገባለች? ይሄ እንኳ የጠበቃ ጥያቄ አይደለም፤ ተወው።

የአምኒዢያው ጓደኛህ በግማሹ ልክ ነው። የስዊድኑ ፍሪክሽናል ጌምስ በ2010 ያወጣውን የዚህን ጌም ኮድ በ2020 ለሕዝብ ለቋል። የለቀቀው ግን ኮዱን፣ ማለትም ጌሙን የሚያንቀሳቅሰውን የኮምፒውተር ትእዛዝ ነው። ታሪኩ፣ ገጸ ባሕርያቱ፣ ሙዚቃውና ምስሉ አብረው አልተለቀቁም። ምጣዱን አዋሱህ እንጂ እንጀራውን አልሰጡህም። አንተ ደግሞ ለፊልምህ ምጣዱ ምንም አይሠራልህም።

ኤስሲፒ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በሩ በእውነት ክፍት የሆነው እሱ ነው፣ ወጥመዱም ያለው እዚያው ነው። ኤስሲፒ ብዙ ሰው ኢንተርኔት ላይ ተባብሮ የጻፈው የአስፈሪ ታሪኮች ክምችት ነው። ፊንላንዳዊው ዮናስ ሪኮነን በ2012 የለቀቀው ኮንቴይንመንት ብሪች ጌምም ከዚያ የተቀዳ ነው። ሁለቱም የተለቀቁት ክሬቲቭ ኮመንስ በሚባለው ፈቃድ ነው። «ስም ጥቀስ፣ በተመሳሳይ ፈቃድ አጋራ» የሚለው ዓይነት። ማንንም ደጅ ሳትጠና፣ ለገንዘብም ጭምር፣ ፊልም ልትሠራበት ትችላለህ። ጓደኛህ እስከዚህ ድረስ አልተሳሳተም።

ዋጋው የሚመጣው በኋላ ነው። ጸሐፊዎቹን መጥቀስ ቀላል ነው። ከባዱ፣ ፊልምህን አንተም በዚያው ፈቃድ መልቀቅ አለብህ። ማንም ሰው ፊልምህን ገልብጦ በራሱ ቻናል ቢጭነው፣ ስምህን ከጠቀሰና ፈቃዱን ካከበረ ልትከለክለው አትችልም። ነገ አንድ የስትሪሚንግ ድርጅት «ለእኔ ብቻ ሽጡልኝ» ቢልህ የምትሸጥለት ነገር የለህም። እዚያ ፊልም ውስጥ የምታስገባት ዋና ገጸ ባሕርይህም በዚያ መልኳ ለሁሉም ሰው ትሆናለች። ለጨዋታ ለሚሠራ ሰው ይሄ ምንም አይደል። ክፍል ሦስት ለሚያስብ ሰው ግን ከባድ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ እዚሁ ላንሣ። ዓይን ሲጨፈን የምትንቀሳቀሰውን ኤስሲፒ-173ን ታውቃታለህ። ለዓመታት አብሯት የነበረው ፎቶ የጃፓናዊው ሠዓሊ ኢዙሚ ካቶ የቅርጽ ሥራ የተነሣበት ነው። ፈቃዱ ያንን ምስል አይሸፍንም። በ2022 ከገጿ ተነሥቷል። ጽሑፉን ውሰድ፤ መልኳን ግን ራስህ ፍጠር።

እኔ ብሆን ከሦስቱም አልመርጥም። አንድ ወይም ሁለት ሰው የሠራት ትንሽ ጌም እፈልግ ነበር። ዴቪድ ሺማንስኪ በ2022 ያወጣት አይረን ላንግ እንዲህ ያለች ናት፤ ማርኪፕላየር በሚል ስም የሚታወቀው ዩቱዩበር በራሱ ገንዘብ ፊልም አድርጓታል። ኢሜይል ጽፈህ ባለቤቱ ራሱ የሚመልስልህ እዚህ ሰፈር ነው። ቶሎ ያልቃል ግን አልልህም። ፋይቭ ናይትስ አት ፍሬዲስም በ2014 አንድ ሰው፣ ስኮት ካውቶን፣ የሠራው ጌም ነው። ፊልም ሊሆን ነው የተባለው በ2015 ነበር፤ ፊልሙ ሲኒማ የደረሰው በ2023 ነው።

ከእንዲህ ዓይነቱ ሰው የምትጠይቀው ነገር ኦፕሽን ይባላል። መብቱን ዛሬ አትገዛም። ለ12 ወይም ለ18 ወር ለሌላ እንዳይሸጥብህ ትንሽ ከፍለህ ታስይዛለህ። ገንዘቡ ከተገኘ አስቀድማችሁ በተስማማችሁበት ዋጋ ትገዛለህ፤ ካልተገኘ መብቱ ይመለስለታል። የፊልም መብቱን ቀድሞ ለሌላ ሸጦ እንደሆነ፣ ጌሙን ያሳተመለት ድርጅትም ድርሻ እንዳለው ጠይቀው። ሙዚቃው የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ውሉ ላይ የትኛው ጌም እንደሆነ በስም ይጻፍ። የእናንተ ገጸ ባሕርይ የእናንተው ሆና እንደምትቀርም ይጻፍ።

እዚህ ላይ ነው ወደ አትላንታው ልጅ የምንመለሰው። «የእናንተ ገጸ ባሕርይ» አልኩ እንጂ፣ የእናንተ ናት እንዴ?

ደብዳቤህ ላይ ስለ ውል ምንም አላልክም። አልተፈራረማችሁም ብዬ ልያዘው። ልጁ ተቀጣሪያችሁ ካልነበረ፣ መብቱንም በጽሑፍ ካላስተላለፈላችሁ፣ ገንዘብ ከፍላችሁትም ቢሆን ስክሪፕቱ የእሱ ነው። ገጸ ባሕርይዋም ከዚያ ስክሪፕት የወጣች ናት።

በ1985 የወጣ ዘ ስተፍ የሚባል አስፈሪ ፊልም አለ። ሰው ጣፈጠኝ ብሎ የሚበላው እርጎ መሳይ ነገር ሰውን መልሶ ይበላል። ዳይሬክተሩ ላሪ ኮኸን ለአንዳንድ ትዕይንቶች አንድ የልዩ ኢፌክት ድርጅት አሠራ። ስለ ቅጂ መብት የተጻፈ ነገር አልነበረም። በክፍያ ተጣሉና ፍርድ ቤት ሄዱ። በ1990 የይግባኙ ዳኛ፣ የፊልም ሰዎች አብረው ምሳ ይበላሉ እንጂ ውል አይዋዋሉም ብሎ ቀለደ። ውሳኔው ግን ቀልድ አልነበረም። መብቱ የሠራው ድርጅት ነው፤ ሠርቶ በእጁ ስላስረከበ ግን በዚያ ፊልም ውስጥ እንዲገባ በተግባር ፈቅዷል ተባለ።

ያንተም ጉዳይ ይሄንኑ ይመስላል። ጓደኛህ ስክሪፕቱን ሰጥቷችሁ፣ ሲቀረጽ አይቶ፣ ሲወጣም ዝም ብሏል። ለመጀመሪያው ፊልም ፈቅዷል ብለህ ብትከራከር ያስኬድሃል። ያ ዝምታ ለክፍል ሁለትም ይበቃኛል ብለህ ግን ካሜራ አታንሣ። የጌሙ ባለቤት ጠበቃ፣ ፊልሙን የሚያከፋፍለው ድርጅት፣ ኢንሹራንሱ፣ ሁሉም የሚጠይቁህ የመብቱን ሰንሰለት ነው፤ መብቱ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ የሚያሳየውን ወረቀት። አንድ ደንበኛዬ በአንድ ጓደኛው ፊርማ ምክንያት የሽያጭ ውሉ ስምንት ወር ቆሞበታል። ጓደኛው ተጣልቶት እንኳ አልነበረም፤ ዱባይ ሄዶ ስልኩን ቀይሮ ነው።

የእናንተው ልጅ ገና ስልክ ያነሣላችኋል። አሁኑኑ ደውሉለት። ወረቀቱ ከሁለት ገጽ አይበልጥም። ስክሪፕቱንና ገጸ ባሕርያቱን ማስተላለፉ፣ ክፍል ሁለትና ከዚያ በኋላ የሚመጣውም እንደሚጨምር፣ ስሙ የት እንደሚጻፍ፣ ከገቢው ምን እንደሚደርሰው ይገለጽበት። ተገቢውን ስጡት፤ ክፍል ሁለት የተጠየቀው እሱ በጻፋት ሴት ነው። ሦስታችሁም እርስ በርስ ተፈራረሙ። ከዚያ ፊልሙን በ65 ዶላር ኦንላይን አስመዝግቡ። እኔ የጻፍኩልህ ጠቅላላውን ነው፤ ከመፈረማችሁ በፊት ሜሪላንድ ውስጥ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ረቂቁን ይየው።

ይሄ ካለቀ በኋላ ስለ ጌሙ እንደገና ጻፍልኝ። ሳይለንት ሂል 2 ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ብትል እንኳ፣ የኮናሚ ጠበቃ «ይቺ ሴት የማን ናት?» ሲልህ የምታሳየው ወረቀት ይኖርሃል።