«ሃሎዊን ኤንድስን እንየው ወይ?» ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ የ2018ቱን (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምለው) «ሃሎዊን» የሚባለውን አስፈሪ ፊልም ከባለቤትሽ ጋር አይታችሁ ስለወደዳችሁት ቅዳሜ የመጨረሻውን፣ «ሃሎዊን ኤንድስ»ን፣ ልታዩ አስባችኋል። ከዚያ በፊት የድሮዎቹን ሁሉ ማየት አለብን ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ በ2022 ልክ እንዳንቺ ጀምሬ ገንዘቤንም ጊዜዬንም ከስሬያለሁ። መጨረሻውንም ስለማወራ፣ ሳታዪው መስማት ካልፈለግሽ እዚህ ላይ ተዪው።

1. ከዚህ በፊት የወጡትን አስራ ሁለቱንም ፊልም እንዳታዪ። እኔ ከሥራ ስመለስ በየሌሊቱ አንድ አንድ እያልኩ ጨረስኳቸው። የ2018ቱ ዳይሬክተር ዴቪድ ጎርደን ግሪን ግን ከ1978ቱ በስተቀር ሁሉንም እንዳልነበሩ ነው የቆጠራቸው። በ1981 ዋናዋ ባለታሪክ ሎሪ የሚያሳድዳት ጭምብል ለባሽ ገዳይ፣ የማይክል፣ እህት ናት ተባለ፤ በ2018 ደግሞ ያ የሰው ወሬ ነው ተብሎ ታለፈ። በ2002 ሎሪ ሞተች፤ ይኸው በ2018 አለች። ይህን ሁሉ ተሸክሜ ሲኒማ ብገባ ምንም አልጠቀመኝም።

2. የ2021ዱን «ሃሎዊን ኪልስ» ካላያችሁት አንድ ነገር ብቻ ያዙ። የሎሪ ልጅ ካረን መጨረሻው ላይ ትገደላለች።

3. ሰው ሰብስበሽ እንዳታዪው። ይሄ ነው እኔን ያከሰረኝ። ፊልሙ ዓርብ፣ ኦክቶበር 14 ወጣ። ያቺን ማታ ነጻ ለመሆን ሁለት እሑድ የሌላ ሰው ሺፍት ሸፍኛለሁ። የአራት ሰው ቲኬት ከኪሴ ገዛሁ። «ዛሬ ሎሪና ማይክል ይለይላቸዋል» እያልኩ ጓደኞቼን ጎትቼ ነው ያወጣኋቸው። አንዷ ከሥራ ዘገየችብን። ቲኬቷን ለሚቀጥለው ሰዓት እንዲቀይርልኝ ቲኬት የሚሸጠውን ልጅ ለመንኩት። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «አይቻልም» አለና ከኋላዬ ያለውን ሰው ጠራ። ለምን ስለው ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈ ወረቀት በጣቱ ጠቆመኝ። የእሷ ወንበር ባዶውን አደረ። ፊልሙ በዚያው ቀን ፒኮክ በሚባለው፣ ቤት ሆነው በኢንተርኔት ፊልም የሚያዩበት አገልግሎት ላይ መለቀቁን የሰማሁት ደግሞ ከሲኒማው ስንወጣ ነው።

ወንበሩንስ እረሳው ነበር፣ ፊልሙ ቢክሰኝ። አጀማመሩ እውነትም ግሩም ነው። በ2019 የሃሎዊን በዓል ማታ ኮሪ የሚባል ወጣት የሌላ ሰው ሕጻን ይጠብቃል። ሕጻኑ ለቀልድ ላይኛው ክፍል ውስጥ ይቆልፍበታል። ኮሪ በድንጋጤ በሩን በእግሩ ይመታዋል፤ በሩ ሲበረገድ ልጁን ይገፋውና ከደረጃው አናት እስከ ታችኛው ወለል ይወድቃል። ልክ በዚያች ቅጽበት እናትና አባቱ ይገባሉ። ሲኒማው ጸጥ አለ። እኔም አለቀልን፣ ዛሬ ጉድ እናያለን አልኩ።

ከዚያ በኋላ ግን ፊልሙ የኮሪ ሆኖ ቀረ። ማይክልን ፍለጋ ስንቁለጨለጭ እሱ ድልድይ ስር፣ የፍሳሽ ቱቦ ውስጥ ደክሞ ተቀምጧል። አርባ ዓመት አንድ ከተማ ያሸበረ ሰው! ጭራሽ ኮሪ ታግሎ ጭምብሉን ይገፈዋል። ያኔ ወሽመጤ ቁርጥ አለ። የካረን ልጅ አሊሰንም እናትና አባቷን ማይክል የገደለባት ልጅ ሆና፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ከኮሪ ጋር ከተማውን ጥላ ልትጠፋ ትነሳለች። ሎሪ በ2018 ቤቷን ምሽግ አድርጋ ስትጠብቀው የኖረች ሴት ነበረች። እዚህ ልጇ በተገደለች በአራተኛ ዓመት መጽሐፍ እየጻፈች፣ የዱባ ፓይ እየጋገረች እናገኛታለን። ሎሪን የምትጫወተው ጄሚ ሊ ከርቲስ በትወናዋ አንዲት ነገር አላጓደለችም። የተሰጣት ታሪክ ነው ያጓደለባት።

ለምን እንዲህ እንደተናደድኩ እንዲገባሽ የመጀመሪያውን፣ የ1978ቱን፣ እንዴት እንዳየሁት ልንገርሽ። አዲስ አበባ፣ ታላቅ ወንድሜ ከሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ካሴት ተከራይቶ መጣ። ሎሪ ቁምሳጥን ውስጥ ተደብቃለች። በመዝጊያው ስንጥቆች የገባው ብርሃን ፊቷ ላይ መስመር መስመር ሠርቷል። ማይክል መዝጊያውን ይሰባብራል። እሷ የልብስ ማንጠልጠያ ሽቦ እየዘረጋች ታለቅሳለች። ድንገት መብራት ጠፋ። ወንድሜም እኔም አልተንቀሳቀስንም፤ ሻማ ፍለጋ የሚነሳ ሰው ጠፋ። ካሴቱን በማግስቱ ማታ ጨርሰን፣ ለዘገየበት ጨምረን ከፈልን። የማይክል ሐኪም የነበረው ዶክተር ሉሚስ ስድስት ጥይት ይተኩስበታል፤ ማይክል ከሰገነቱ ይወድቃል። ሉሚስ ጎንበስ ብሎ ቢያይ ሣሩ ላይ ማንም የለም። ከዚያ ባዶ ክፍሎች ብቻ ይታያሉ፤ የማይክል ትንፋሽ ግን ይሰማል። ወንድሜ ተነስቶ መስኮቶቹን አንድ በአንድ ቀረቀረ።

ማይክልን አስፈሪ ያደረገው ምክንያት የሌለው መሆኑ ነው። የ1978ቱ ዳይሬክተር ጆን ካርፔንተር ፊልሙን 300 ሺህ ዶላር አካባቢ በሆነ ገንዘብ ሠራው። ጭምብሉ ከሁለት ዶላር በታች የተገዛ «ስታር ትሬክ» የሚባለው ተከታታይ ፊልም ካፒቴን ፊት ነው፤ ነጭ ቀለም ቀቡት። ታሪኩ ኢሊኖይ ውስጥ በመጸው ነው ይባል እንጂ የተቀረጸው ካሊፎርኒያ፣ በጸደይ ነው። ቅጠል ቀለም ቀብተው መንገድ ላይ በተኑ፣ ቀረጻው ሲያልቅ መልሰው ለቀሙ። ሙዚቃውንም ራሱ ካርፔንተር ደረሰው። «ኤንድስ» ደግሞ ክፋት እንደ ጉንፋን ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል ይለናል። ኮሪና ማይክል ዓይን ለዓይን ይተያያሉ፣ በቃ፣ ኮሪ ገዳይ ሆነ። ማንም ጭምብሉን አጥልቆ ማይክል መሆን ከቻለ፣ እኔና ወንድሜ ያን ሁሉ ዓመት የፈራነው ማንን ነው?

የሎሪና የማይክል ውጊያ የሚመጣው መጨረሻው ላይ ነው፤ ወጥ ቤት ውስጥ፣ አጭርና ጥሩ። እጁን በቢላ ጠረጴዛው ላይ ቸንክራ ትገድለዋለች። አስከሬኑን ከተማው አጅቦት ሄዶ የብረት መፍጫ ውስጥ ይጥሉታል። አጠገባችን የተቀመጡት አጨበጨቡ። እኔ እጄን አላነሳሁም።

ስለዚህ እህቴ፣ ቅዳሜ የ1978ቱን ክፈቱ። 91 ደቂቃ ብቻ ነው። ልጆቹ ይተኙ፣ መብራቱን አጥፉ፣ ስልካችሁን ሌላ ክፍል አስቀምጡ። ሎሪ ቁምሳጥኑ ውስጥ ስትገባ ባለቤትሽ «ቆይ፣ ውሃ ልጠጣ» ቢልሽም እንዳታቆሚው።