ጎማው መኪና የሚያልፍበት በኩል ቢፈነዳስ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዝግጅት ክፍሎች። ባለፈው ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ረጅም መንገድ ስንሄድ የኋላ ጎማ ፈነዳብን፣ ያውም መኪና የሚያልፍበት በኩል ያለው። ባለቤቴ ወዲያው እዛው ኩርባው ላይ አቆመ። ትንሽ ወደፊት ሂድና ሰፋ ያለ ቦታ አቁም ስለው "ቸርኬው ይበላሻል፣ አንድ ሜትር አልነዳም" አለኝ። ከዛ ልጆቹ ውስጥ እንደተቀመጡ ክሪኩን አስገብቶ መፍታት ጀመረ፣ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር የኛዋ ክሪኩ ላይ ስትወዛወዝ ነፍሴ ልትወጣ ነበር። በሰላም ጨርሰን ሄድን ግን እስካሁን እንጨቃጨቃለን፣ እሱ "ፍሬቻ አብርቻለሁ፣ ሶስት ማዕዘኑንም አስቀምጫለሁ፣ ከዚህ በላይ ምን ላድርግ" ነው የሚለው። ማናችን ነን ልክ? (ጭቅጭቅ የሰለቻት)

መልስ፦ እህቴ ልክ አንቺ ነሽ፣ ባለቤትሽ ከፈለገ ይቀየመኝ። ስለ ቸርኬው ያለው እንኳን ውሸት አይደለም፣ በተነፈሰ ጎማ ሲነዳ ጎማው በቸርኬውና በአስፋልቱ መሀል ይፈጫል፣ ትንሽ ከሄደ ጎኑ ተቦጫጭቆ ለጎሚስታም አይሆንም፣ ብዙ ከሄደ ደግሞ ቸርኬው ራሱ ይጣመማል። ግን የፈነዳ ጎማ እኮ አንዴ ሞቷል ምኑን ነው የምናድነው? ቸርኬ እንደሆነ ይገዛል። ስለዚህ ጎማ ሲፈነዳ መሪውን ጥብቅ አድርጎ ይዞ፣ ፍሬን ላይ ሳይዘሉ፣ ነዳጁን ቀስ አድርጎ ለቆ ፍጥነቱን ማውረድ ነው፣ ከዛ አራቱንም ፍሬቻ አብርቶ በሰው እርምጃ ፍጥነት ኩርባውን አልፎ ቀጥ ያለ፣ ሜዳ የሆነ፣ ከሩቅ የሚታይና ከአስፋልቱ ሙሉ በሙሉ የሚወጡበት ቦታ ድረስ መሄድ። በቃ ጎማው ለዚህ ይሰዋ።

ኩርባው ላይ ለምን እንደማይሆን ባለቤትሽ ራሱ ያስላው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 28 ሜትር ገደማ ይበላል። ሹፌሩ አይቶ፣ ገብቶት፣ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪደርስ አንድ ተኩል ሰከንድ ብንለው 40 ሜትር አለፈ ማለት ነው፣ መኪናው ገና መብረድ እንኳን አልጀመረም። ከዛ በደረቅ አስፋልት ለመቆም ሌላ ከ40 እስከ 50 ሜትር ያስፈልገዋል፣ የተጫነ ከባድ መኪና ከሆነማ አታንሺው። ኩርባ ላይ ደግሞ ይሄን ሁሉ ሜትር ከየት ያምጣው፣ ሲያያችሁ እኮ ደርሷል።

ሶስት ማዕዘኗን ብዙ ሰው ከመኪናው ኋላ አምስት እርምጃ ላይ አቁሞ ግዴታዬን ተወጣሁ ይላል፣ አምስት እርምጃ ላይ ያለች ምልክት የምትነግረው መኪናው ራሱ የሚናገረውን ነው። የእንግሊዝ የትራፊክ ደንብ ቢያንስ 45 ሜትር ራቅ አድርጉ ይላል፣ ፈጣን መንገድ ላይ ግን ጭራሽ አታስቀምጡ ነው የሚለው፣ ምክንያቱም ለማስቀመጥ የሚደረገው ጉዞ ራሱ ሰው ይገድላል። ኩርባ ወይም የዳገት ጫፍ ካለ ምልክቷ ከኩርባው በፊት ነው የምትቆመው፣ ሹፌሩ ሳይታጠፍ እንዲያያት። ስትሄዱም ፊታችሁን ወደሚመጣው መኪና አዙራችሁ፣ ምልክቷን ደረታችሁ ላይ ይዛችሁ፣ በሳሩ በኩል።

የልጆቹ ነገር ግን የባሰ ያናደደኝ እሱ ነው። መጀመሪያ የሚወርዱት ልጆች ናቸው፣ መኪና በማያልፍበት በር በኩል፣ ከዛ ከመንገዱ ራቅ ብለው፣ የብረት አጥር ካለ ከአጥሩ ማዶ። መኪናው ፊት ለፊት እንዳይቆሙ፣ ከኋላ ቢገጭ የሚወረወረው ወደፊት ነዋ። አንፀባራቂ ሰደርያም ካለ ከመውረድ በፊት ነው የሚለበሰው፣ ከኋላ እቃ ስር ተቀብሮ የሚገኝ ሰደርያ ጥቅሙ አይታየኝም።

እና ቦታው ጠቦ የፈነዳው ጎማ መኪና የሚያልፍበት በኩል ከሆነ አይቀየርም። ተንበርክኮ ጀርባውን ለመኪና የሰጠ ሰው ዳሌው መንገዱ ውስጥ ነው፣ የሚመጣውን ደግሞ አያይም። ራቅ ብሎ ቆሞ እርዳታ መጥራት ነው ያለው፣ ቢዘገይም ይዘግይ።

ጥያቄ፦ መኪናዬ አውቶማቲክ ናት። ማርሹን ፒ (ፓርክ፣ የማቆሚያው) ላይ አድርጌ የፊት ጎማ አነሳሁ፣ ቦታው ትንሽ ቁልቁል ቢጤ ነበር፣ ተንሸራታ ከክሪኩ ወደቀች። እግዜር አተረፈኝ። ፒ ላይ ያለ መኪና እንዴት ይሄዳል? ጎረቤቴ ካምቢዮዋ አልቋል ይለኛል። (የስድስት ልጆች አባት)

መልስ፦ አባታችን እንኳን ተረፉ። ካምቢዮዎ ደህና ነው፣ ጎረቤትዎ አያስደንግጥዎ። ፒ ሲያደርጉ የሚቆለፈው ጎማው ሳይሆን ካምቢዮው ነው፣ ከካምቢዮው ወደ ሁለቱ ጎማዎች ኃይል የሚያከፋፍለው ደግሞ ዲፈረንሻሉ ነው። ሁለቱም ጎማ መሬት ሲነካ ይያዛል። አንዱን በክሪክ ሲያነሱት ግን አየር ላይ ያለው ወደኋላ መሽከርከር ይችላል፣ እሱ ወደኋላ ሲዞር መሬት ላይ ያለው ወደፊት ይዞራል፣ ካምቢዮው እንደተቆለፈ መኪናዋ ትሄዳለች። ያነሱት የፊት ጎማ፣ መኪናዋም በፊት ጎማ የምትጎተት ከሆነች የደረሰብዎት ይሄው ነው።

የእጅ ፍሬን ቢይዙ ኖሮ አብዛኛው መኪና ላይ የኋላ ሁለቱን ጎማ ስለሚይዝ ቆማ ትቀር ነበር። የኋላ ጎማ ሲያነሱ ግን የእጅ ፍሬኑ የሚቀረው አንድ ጎማ ብቻ ነው፣ በድሮዎቹ ላንድሮቨሮች ላይ ጭራሽ ፍሬኑ የሚይዘው ጎማውን ሳይሆን ከካምቢዮ የሚወጣውን ዘንግ ስለሆነ አንድ የኋላ ጎማ ከተነሳ አለቀ። ስለዚህ ፒም የእጅ ፍሬንም፣ ከዛ ላይ ከሚያነሱት ጎማ በሰያፍ ያለውን ጎማ በድንጋይ ወይም በእንጨት ታኮ ከፊትም ከኋላም። ቁልቁለት ላይ ግን ታኮም ቢኖር አያንሱ። መሬቱ ለስላሳ ከሆነ ክሪኩ ስር ሰፊ ጣውላ፣ ቅያሪውን ጎማ ደግሞ አጋድመው ከመኪናው ጠርዝ ስር ክሪኩ አጠገብ ያስገቡት፣ ብትወድቅ እሱ ላይ ትውደቅ። አሮጌው ሲወጣ ይለዋውጧቸዋል።

ጥያቄ፦ የጎማ ማሰሪያው ዳዶ አልፈታ ሲለኝ ቁልፉ ላይ ቆሜ እዘላለሁ፣ ሳጠብቅም እንደዛው፣ ዘይትም እቀባዋለሁ። ጓደኞቼ ይስቁብኛል። (ባለጉልበቱ)

መልስ፦ ይሳቁ። የምትፈታው ከሆነ መኪናው ገና መሬት ላይ እያለ ነው ግማሽ ዙር የምታላላው፣ ተነስቶ እያለ ከታገልክ ከክሪኩ ትገፋዋለህ። መጫን ትችላለህ መዝለል ግን አይሆንም፣ ቁልፉ ሲያመልጥ ጉልበትህን ነው የሚመታህ። ማጥበቁ ላይ ነው ችግሩ። የብዙ ትንንሽ መኪና ዳዶ የሚፈልገው ከ100 እስከ 120 ኒውተን ሜትር ነው፣ 40 ሳንቲ ሜትር ቁልፍ ጫፍ ላይ 28 ኪሎ ገደማ መጫን ማለት፣ 70 ኪሎህን ይዘህ ስትቆምበት ከእጥፍ በላይ አደረግከው፣ ብሎኑ ይለጠጣል አንድ ቀን ይበጠሳል። ዘይት ያንኑ ያባብሰዋል። ሾጣጣው ፊት ወደ ቸርኬው ዞሮ፣ በእጅ አስገብተህ፣ በመስቀልኛ አጥብቀህ፣ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄድክ በኋላ ደግመህ እይው። ቀጭኗ ቅያሪ ጎማ ከሆነች ከ80 በላይ አትንዳ፣ ንፋሷ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 60 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ነው፣ ብዙ ሰው ሲያወጣት ባዶ ሆና ነው የሚያገኛት።

ጥያቄ፦ የከባድ መኪና ረዳት ነኝ። ሹፌሩ ዳዶ ከመፍታትህ በፊት ንፋሱን አውጣ እያለ ያዘገየኛል። ምን አገናኘው?

መልስ፦ ሹፌርህ ልክ ነው። የከባድ መኪና ጎማ 100 ፒኤስአይና ከዛ በላይ ነው የሚይዘው፣ ባለ ቀለበቱ ቸርኬ (ተገጣጣሚ ሆኖ ጎማውን በብረት ቀለበት የሚይዘው) ደግሞ ከተሰነጠቀ አንዳንዴ አንድ ላይ ይዞት ያለው ዳዶው ብቻ ነው፣ ስትፈታው ቀለበቱ ተስፈንጥሮ ይወጣል፣ ሰው የገደለ ነገር ነው። ጥንድ ጎማ ከሆነ የሁለቱንም ንፋስ አውጣ፣ የቫልቩን ውስጥ ነቅለህ ጨርሶ እስኪያልቅ፣ ስታወጣም ከፊቱ ሳይሆን ከጎን ቆመህ።