ቢ20 ሞተር ይገላል ወይ ላልከው ወንድም

አሜሪካ ሚኒሶታ ገብተህ የ2003 ሞዴል ትራክ ገዝተሃል፣ ማደያው ላይ «ቢ20» የሚል አይተህ ደንግጠሃል። አንድ ልጅ ደግሞ «የሬስቶራንት ዘይት ጨምርበት፣ ያው ነው» ብሎሃል። ያው አይደለም፣ እመለስበታለሁ።

እዚህ ትራክ ስነዳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ቢ20 ማለት 20 በመቶው ባዮዲዝል፣ ቀሪው የለመድከው ናፍጣ ነው። ባዮዲዝሉ እዚህ በብዛት ከአኩሪ አተር ዘይት ነው የሚሠራው። በፈረንጅ ከ2018 ጀምሮ በሕግ የመጣ ነው፣ በሞቃቱ ወራት 20፣ በብርዱ 5 በመቶ። ሞተር የሚገል ቢሆን ኖሮ መንገዱ ሁሉ የቆመ ትራክ በሆነ። ጉልበቱ አንድ ሁለት በመቶ ያንሳል፣ እኔ ግን ከጭነቱና ከነፋሱ ለይቼው አላውቅም።

እኔን ያስለቀሰኝ የነዳጅ ፊልትሮ ነው። የመጀመሪያ ትራኬ የመጣው ባዮዲዝል ቀምሶ ከማያውቅበት ግዛት ነበር። ይሄ ነገር እንደ ሳሙና ነው፣ ታንኩ ውስጥ ለዓመታት የተጋገረውን ቆሻሻ ፍቆ ያወርደዋል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላኝ ዳገት ላይ አቅም አጣ። ፊልትሮውን ስፈታው የቡና አተላ የመሰለ ጥቁር ነገር ሞልቶታል። ቀየርኩት፣ ትንሽ ቆይቼ ደገምኩት፣ ከዚያ በኋላ ሰላም ሆነ።

ሁለተኛው የራሴ ጥፋት ነው። ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ታንኩን በቢ20 ጢም አድርጌ ሞልቼ ለእህቴ ሠርግ አዲስ አበባ ሄድኩ። ኖቬምበር ላይ ስመለስ ከዜሮ በታች 14 ዲግሪ ሴልሺየስ ጠበቀኝ። ሞተሩ ተነሳ፣ ግማሽ ደቂቃ ሠራና ጠፋ። ፊልትሮው ውስጥ የረጋ ቅቤ! የአኩሪ አተር ባዮዲዝል ለብቻው ሲሆን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ መደፍረስ ይጀምራል፤ ናፍጣም ብርድ ሲጠናበት ይረጋል፣ ባዮዲዝሉ ግን ይቀድመዋል። አስጎትቼ ሞቃት ጋራዥ አስገባሁት፣ የሁለት ቀን ሥራ ቀረ። አሁን ኦክቶበር ከመግባቱ በፊት የሞቃቱን ወራት ነዳጅ አሟጥጬ ነው አዲስ የምቀዳው፣ ብርዱ ሲብስ ደግሞ ቁጥር 1 ናፍጣ፣ ማለትም በብርድ ቶሎ የማይረጋውን ቀጭን ናፍጣ፣ እቀላቅላለሁ። ለወራት የምታቆመው መኪና ከሆነ ቢ20 ባትሞላበት ይሻላል፣ ነዳጁ ውሃ ይስባል፣ ቆይቶም ይበላሻል።

ወደ ዘይቱ ስመለስ፣ የሬስቶራንት ዘይት ባዮዲዝል የሚሆነው በሜታኖልና በኮስቲክ ሶዳ ተሠርቶ ግሊሰሪኑ ከወጣለት በኋላ ነው። እንዲሁ ከጨመርከው ከናፍጣ አሥር እጥፍ ያህል የወፈረ ነገር ነው፣ በደንብ አይረጭም፣ በደንብም አይነድም፣ ነዳጅ ወደ ሞተሩ የሚረጨው ኢንጀክተር ጫፍ ላይ ከሰል እየሆነ ይቀራል። ያንን ልጅ ኢንጀክተር በስንት እንደሚቀየር ጠይቀው።

የነዳጅ ቱቦው ጎማ ይላላል የሚባለው በብዛት በፈረንጅ ከ1990ዎቹ አጋማሽ በፊት ለተሠሩት ነው፣ ያንተን ግን ለማንኛውም አንዴ እየው። ነገ ሁለት ፊልትሮ ግዛና ካቢን ውስጥ አስቀምጥ፣ ከነመፍቻው። እኔ ዳገቱ ላይ አቅም ባጣሁ ቀን ፊልትሮ ነበረኝ፣ መፍቻ አልነበረኝም።