«በክረምት ና» ማለት የቱ ክረምት ነው? የቺካጎ መንገደኞች ጥያቄና መልስ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2010 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ቺካጎ መብረር ከጀመረ ወዲህ «ዘመድ ጋ ልሄድ ነው» የሚለኝ ሰው በዝቷል። ጥያቄዎቹን አጠራቅሜ መጣሁ።

«እህቴ በክረምት ና ትለኛለች። ብርዱ አይገለኝም?» (ከአዳማ)

መጀመሪያ «የቱ ክረምት?» በላት። አሜሪካ የከረመ ሐበሻ ክረምት ሲል በረዶውን ነው፤ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለውን። የእኛ ክረምት ለእነሱ በጋ ነው። እኛ ዣንጥላ ስንዘረጋ እነሱ በቁምጣ ሐይቅ ዳር ተዘርግተዋል።

የበረዶውን ማለቷ ከሆነ፣ ይቅርብህ። በ2011 ዓ.ም. ጥር ላይ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ደርሶ ነበር። ያ በየዓመቱ አይመጣም፤ ግን ተራው የጥር ቀንም ከሐይቁ በሚመጣው ነፋስ ጆሮህን ይቆርጠዋል። በረዶ በጣለ ማግስት መንገድ ዳር የወጥ ቤት ወንበር ተገትሮ ታያለህ። ሰውዬው መኪናውን የሚያቆምበትን ቦታ በአካፋ ጠርጎ፣ «ይሄ የኔ ነው» ማለቱ ነው። ወንበሩን እንዳትነካ!

እኔን ካልከኝ መስከረም ላይ ሂድ። አየሩ ለስለስ ይላል፣ የሐምሌው ግርግርም ይቀንሳል።

«ልጄ ሁለት ሥራ ትሠራለች። ሦስት ወር ሙሉ ቤት ተዘግቶብኝ ልቀመጥ ነው?» (እናት፣ ከደብረ ብርሃን)

እማማ፣ ይህን በማንሳትዎ ደስ ብሎኛል። አሜሪካ ደርሶ የተመለሰ ስንት ወላጅ አውቃለሁ፣ ያየው ነገር ሶፋና ቴሌቪዥን ብቻ የሆነ። ልጆቹ ክፉ ሆነው አይደለም። ጊዜ የላቸውም።

ቺካጎ ግን ከብዙ የአሜሪካ ከተሞች ይሻላል፤ ያለ መኪና ይኖርባታል። ልጅዎ በመጀመሪያው የዕረፍት ቀኗ ባቡሩን ታለማምድዎ። መስመሮቹ የሚጠሩት በቀለም ነው፦ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ብርቱካናማ። ፊደሉ ቢያስቸግርዎ ቀለሙን ይያዙ። የቤትዎን ጣቢያ ስም በወረቀት ጽፋ ቦርሳዎ ውስጥ ታድርግልዎ።

ከዚያ ሐይቁ አለልዎ። የእኔ እናት ሚሺጋን ሐይቅን ስታይ «ይሄማ ባሕር ነው» ብላ ድርቅ አለች። ሐይቅ ነው ብላት አላመነችም። ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ጎንበስ አለችና ጣቷን ነክራ ቀመሰችው። ጨው የለውም። «እውነትም!» አለች፣ አማተበች። ስፋቱ ጣናን ከ15 እጥፍ በላይ ነው፣ አትፈረድባትም። ዳር ዳሩን 29 ኪሎ ሜትር ገደማ የእግር መንገድ ተዘርግቷል፤ አግዳሚ ወንበርም አያጡም።

ገንዘብም አያስወጣም። ሚሌኒየም ፓርክ ነፃ ነው፤ ሰዉ «ባቄላው» የሚለውን፣ እንደ መስታወት የሚያበራ ትልቅ ብረት እዚያ ያዩታል። የሊንከን ፓርክ የእንስሳት ማቆያም መግቢያው ነፃ ነው። አንድ ነገር ከፍለው ይዩ ካሉኝ፣ በወንዙ ላይ በጀልባ እየሄዱ ሕንፃዎቹን ማየት ነው። ተቀምጠው ነው የሚታየው፤ ለጉልበትም ጥሩ ነው።

«አጎቴ ሥራ ላይ ነው፣ የሚቀበለኝ የለም። ከኦሄር ኤርፖርት እንዴት ልውጣ?» (ከጎንደር)

በሰማያዊው ባቡር። 24 ሰዓት ይሠራል፣ ከኤርፖርቱ ሲሳፈሩ 5 ዶላር ገደማ ነው፣ መሃል ከተማ ለመድረስ 45 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ከሌላ አገር የሚመጡ ብዙ በረራዎች የሚያርፉት ተርሚናል 5 ነው፤ ከዚያ በነፃዋ የውስጥ ባቡር ወደ ሌሎቹ ተርሚናሎች ትሻገራለህ። አጎትህ ሰሜን ከሆነ ጃክሰን ላይ ወርደህ ቀዩን ያዝ።

«ጉዞዬ ሁዳዴ ላይ ነው የሚውለው። ምን ልበላ ነው?» (ከአዲስ አበባ)

አታስቢ። በቀዩ ባቡር ግራንቪል ስትወርጂ ኤጅዋተር የሚባለው ሰፈር ነው፤ ብሮድዌይ ጎዳና ላይ የእኛ ምግብ ቤቶች አሉ። ሥጋ የማይበላው ፈረንጅ ስለሚወደው፣ በያይነቱ ረቡዕና ዓርብን አይጠብቅም። ዴቨን ጎዳና ደግሞ የሕንዶችና የፓኪስታኖች ሰፈር ነው፣ ምስሩ ያጠግባል። ግን ስታዢ «ቪጋን» በይ። «ቬጂቴሪያን» ካልሽ ቅቤና አይብ ይገባበታል። የቺካጎው ወፍራም ፒዛ ለፋሲካ ይቆይሽ። እሱም ቢሆን ተጋግሮ እስኪመጣ እስከ 45 ደቂቃ ያስጠብቃል፣ ሳይርብሽ እዘዢ።

ሒሳብ ሲመጣ አትደንግጪ። ዋጋው ላይ ከ10 በመቶ በላይ ታክስ ይጨመራል፤ ለአስተናጋጁ ደግሞ ከ18 እስከ 20 በመቶ ጉርሻ ይጠበቃል።

«ቺካጎ ተኩስ ነው ይባላል። እውነት ነው?» (ከድሬዳዋ)

ተኩስ አለ፣ አልዋሽህም። በብዛት የሚደርሰው ግን በደቡብና በምዕራብ ባሉ አንዳንድ ሰፈሮች ነው። እንግዳን በይበልጥ የሚያገኘው የስልክ ነጠቃ ነው። ባቡር በር አጠገብ ቆመህ ስልክ አትጎርጉር። ማታ ከሆነ ሾፌሩ ያለበት የፊተኛው ፉርጎ ውስጥ ተቀመጥ። ቦርሳ መኪና ውስጥ ጥሎ መሄድ የትም አያዋጣም።

«ማራቶኑን ማየት እፈልጋለሁ፤ መቼ ልምጣ?» (ከአሰላ)

መስከረም መጨረሻ ወይም ጥቅምት መግቢያ ላይ፣ እሑድ። የአሰላ ሰው ይህን ባይጠይቅ ይገርመኝ ነበር! ብርሃኔ አደሬ በ1999 አሸንፋ በ2000 መስከረም ደግሞ ስትመለስ፣ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ አልፎ ውድድሩ ለብዙዎቹ ሯጮች መሃል ላይ ተቋርጦ ነበር። ከፊት የነበረችው ሩማኒያዊቷ አድሪያና ፒርቴያ አሸነፍኩ ብላ ለሕዝቡ እጇን ስታውለበልብ፣ ብርሃኔ በሌላኛው ጎን ተፈትልካ አለፈቻት። ልዩነቱ 3 ሰከንድ! በ2018 ጥቅምት ደግሞ ድሉ የሃዊ ፈይሳ ሆነ።

መነሻውም መድረሻውም ግራንት ፓርክ ነው፤ ግን እዚያ ሰዉ ይበዛል፣ ከጀርባ በቀር አታይም። በቀዩ ባቡር ቻይናታውን ሂድ። 34ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ የሯጩ ጉልበት የሚለይበት። ባንዲራህን አትርሳ።

«በርበሬ፣ ሽሮና ቋንጣ ይዤ ብገባስ?» (አራት ሰው የጠየቀው)

በርበሬውና ሽሮው ችግር የለውም፣ የተቆላ ቡናም እንዲሁ። ብቻ «ምግብ ይዘሃል ወይ?» ሲሉ «አዎ» በሉ፤ መደበቅ ነው የሚያስቀጣው። ቋንጣውን ግን ሥጋ ነው ብለው ይጥሉባችኋል። ቦሌ ላይ ከሸኚ ጋር ብሉት።