«በፍቅረኞች ቀን ለባለቤቴ ስጦታ ብሰጥ ኃጢአት ይሆንብኛል?»

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። በቅዱስ ቁርባን ከተጋባን አራት ዓመት ሆኖናል፤ አንዲት ሴት ልጅም አለችን። የባለቤቴ የሥራ ባልደረቦች በፍቅረኞች ቀን ቀይ ለብሰው፣ ባሎቻቸው የላኩላቸውን አበባ ጠረጴዛቸው ላይ አድርገው ይውላሉ። አምና ምንም ስላላደረግሁላት ባትናገርም ማዘኗን አይቻለሁ። ዘንድሮ ዕቁብ ስለሚደርሰኝ ሳትሰማ ወርቅ ልገዛላት አስቤ ነበር፤ ነገር ግን በሰንበት ትምህርት ቤት አብሮኝ ያደገ ወንድሜ «የአሕዛብ በዓል ነው፣ ኃጢአት ይሆንብሃል» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ከገና ወዲህ በቤት ኪራይ ምክንያት ተጋጭተን በቅጡ አንነጋገርም። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሰላሙን ያብዛልህ። መጨረሻ ላይ ጠቅሰህ ያለፍከው ነገር ከሁሉ ይበልጥ አሳስቦኛል፤ ሆኖም አስቀድሜ ስለ ቀኑ ልመልስልህ።

ቀኑ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 7 ይውላል፤ ጳጉሜን ስድስት በሆነች ማግስት በሚገባው ዓመት ደግሞ የካቲት 6 ይሆናል። ስሙን ያገኘው በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሮም ውስጥ ስለ ክርስቶስ አንገቱን ከሰጠው ከሰማዕቱ ቫለንታይን ነው። የሮም ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ስለ ሕይወቱ በእርግጠኝነት የሚታወቀው ጥቂት በመሆኑ በ1969 እ.ኤ.አ. ከአጠቃላይ የበዓላት መቁጠሪያዋ አውጥታዋለች። ቀኑን ከፍቅረኞች ጋር ያያያዙት ደግሞ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበሩ የእንግሊዝ ባለቅኔዎች ናቸው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የፍቅረኞች በዓል የሚባል የለም፤ ስለዚህ እንደ በዓል አታክብረው። በዚያ ቀን ሚስትህን ማስደሰት ግን ጣዖት ማምለክ አይደለም። ወንድምህ ለሃይማኖቱ ቀንቶ ነው የተናገረው፤ በዚያ ምሽት በየመጠጥ ቤቱ ስለሚሆነው ስካርና ዝሙት ከሆነ የፈራው፣ እኔም እፈራለሁ።

አንድ ነገር ልብ በል። ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ሊውል ይችላል። የነነዌ ጾም፣ ቀድሞ በሚገባበት ዓመትም ዐቢይ ጾም ሊያገኘው ይችላል። ወተት ያለበትን ቸኮሌትና ኬኩን ለፍስክ አቆይለት፤ የሆቴል ግብዣውንም እንዲሁ።

አሁን ወደ ወርቁ ልምጣ። ጌታችን በወንጌል መባህን ወደ መሠዊያው ስታመጣ ወንድምህ የተቀየመህ እንደሆነ ትዝ ቢልህ፣ መባውን እዚያው ትተህ «አስቀድመህም ከወንድምህ ጋር ታረቅ» ብሏል (ማቴ. 5፥24)። ለእግዚአብሔር የሚቀርበው መባ እንኳ ዕርቅን መጠበቅ ካለበት፣ ለሚስት የሚሰጥ ቀለበት እንዴት ይቀድማል? የተጋጫችሁት በኪራይ ነው። አንተ በዕቁቡ ገንዘብ ተደብቀህ ወርቅ ብትገዛ፣ እርሷ ወርቁን ስታይ ስንት ወር ኪራይ ይከፍል እንደነበር ማስላቷ አይቀርም። ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ ያልተማከራችሁበት ገንዘብ መሆኑ ነው። ጠባችሁ የተነሣውም ባለመመካከር ይመስለኛል። ጠቢቡ በመኃልየ መኃልይ ሰው የቤቱን ሀብት ሁሉ ስለ ፍቅር ቢሰጥ ፈጽሞ ይንቁታል ይላል (8፥7)።

ሕልቃናን አስታውስ። ወደ ሴሎ ወጥቶ በሠዋ ጊዜ ለሚወዳት ለሐና ድርሻዋን ይሰጣት ነበር። ጣውንቷ ፍናና ግን ልጅ አለመውለዷን እያነሣች ታበሳጫት ነበርና ሐና ታለቅስ ነበር፤ አትበላምም። የተሰጣት ሥጋ ሕመሟን አልነካውም። ሕልቃና ግን አለመብላቷን አይቶ «ሐና ሆይ፣ ለምን ታለቅሻለሽ?» ብሎ ጠየቃት። የዚህን ሰው ነገር ሳነብ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል፤ ድርሻዋን ሰጥቻለሁ ብሎ ዘወር አላለም። ያንተም ባለቤት አምና ያዘነችው በአበባው ይሁን፣ ከባልደረቦቿ መካከል የተረሳች መስሏት ይሁን፣ ወይስ በሌላ፣ አንተም አታውቅም፤ እኔም አላውቅም። «አምና በዚያ ቀን ምን ተሰማሽ?» ብለህ ጠይቃት። ስትመልስልህ ራስህን ለመከላከል አትቸኩል።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ የኤፌሶንን መልእክት ሲያስተምር፣ ባል ሚስቱን ከምንም በላይ እንደሚወዳት በአንደበቱ እንዲነግራት ይመክራል። የእኛ ወንዶች ይህ ይከብደናል፤ ሠርተን ካበላን የተናገርን ይመስለናል። ከታረቃችሁ በኋላ የመጀመሪያው ስጦታህ ይህ ይሁን፤ በወረቀት ብትጽፍላትም መልካም ነው።

ከዚያ በኋላ የምትሰጣት ነገር እርሷን ከማወቅህ የሚመነጭ ይሁን። ልጃችሁ ገና ሕፃን እንደመሆኗ፣ እንደ ብዙ እናቶች ባለቤትህም ቅዳሴውን በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ልጅ ስታባርር የምታሳልፈው ከሆነ፣ ሕፃኗን አንተ ይዘህ እርሷ ከመጀመሪያው እስከ ስንብት ረጋ ብላ እንድታስቀድስ አድርግ። ይህንንም የአንድ ሰንበት ብቻ አታድርገው። ነጠላዋ አርጅቶ እንደሆነ የምትወደውን የጥለት ቀለም አስታውሰህ ከሸማኔ አሠራላት። ሥራ ውላ ገብታ ወጥ ቤት የምትቆመው እርሷ ብቻ ከሆነች፣ ያን ምሽት አንተ ሽሮ ሠርተህ አቅርብላት፤ ዕቃውንም አንተው እጠበው። አበባም ደስ ይላት እንደሆነ ግዛላት፤ የሆለታና የባቱ እርሻዎች ለውጭ አገር የሚልኩት ጽጌረዳ ለአንተ ሚስት የሚከለከልበት ምክንያት የለም። ወደ መሥሪያ ቤቷ ብትልከው እንኳ አልቃወምህም፤ የምትልከው እርሷን ለማስደሰት እንጂ ከሌሎቹ ባሎች ላለማነስ እንዳይሆን ብቻ ልብህን መርምር።

ያላገቡ ወጣቶችም ይህን ስለሚያነቡ አንድ ቃል ልጨምር፦ ለእጮኛ የሚሰጥ ስጦታ ምላሽ የሚጠየቅበት ዕዳ አይደለም። ስጦታ ሰጥቶ በለውጡ ንጽሕናዋን የሚጠይቅ ሰው፣ ስጦታው ቢመለስለት ይሻላል።

ወርቁን በተመለከተ፣ ዕቁቡ ሲደርስህ ገንዘቡን ይዘህ ግባና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠህ ሁለታችሁ ተመካከሩበት። ኪራዩ ይቅደም ካለች ይቅደም፤ ወርቁን ከፈለገች አብራችሁ ሂዱና ራሷ ትምረጥ። በንግግር መግባባት ካቃታችሁ ደግሞ ቀኑ እስኪደርስ አትጠብቁ፤ በዚህ ሳምንት ሁለታችሁም ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱ።